ሦስት ችግር፣ አንድ ጠርሙስ፦ ስለ ኮክ ትል፣ ስለ ሎሚ ጥላሸትና ስለ ወይን ነጭ ዱቄት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ በሚገኝ የቆየ ግቢ ውስጥ ነው። አባታችን የተከሏቸው ሁለት የኮክ ዛፎችና አንድ ሎሚ አሉን፤ በረንዳው ላይ ደግሞ የወይን ሐረግ አለ። ኮኩ ሊበስል ሲል ውስጡ ትል ይሞላል። የሎሚው ቅጠል ጥላሸት የተቀባ ይመስላል፣ ሲነኩትም ይጣበቃል። የወይኑ ቅጠልና ፍሬ ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል። ማላታይን ነው ብለው በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተው የሸጡልኝን በየ15 ቀኑ ሦስቱም ላይ እያስረጨሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ለውጥ የለም፤ ሎሚው እንዲያውም ባሰበት። የትኛውን ጠንከር ያለ መድኃኒት ልግዛ? ወንድሜም ዝዋይ አጠገብ የማንጎና የብርቱካን እርሻ አለውና ያው መድኃኒት ይሆነው እንደሆነ ቢነግሩኝ።»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጠንከር ያለ መድኃኒት አይግዙ፤ በእጅዎ ያለውንም መርጨት ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። የዘረዘሯቸው ሦስት ችግሮች በአንድ ግቢ ውስጥ ስለተገናኙ አንድ መስለው ታዩ እንጂ መነሻቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ኮኩ ውስጥ ያለው የፍራፍሬ ዝንብ እጭ ነው። የሎሚው ጥላሸት የዛፉን ፈሳሽ እየመጠጡ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት በሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ነገር ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። የወይኑ ነጭ ዱቄት ደግሞ ነፍሳት የሌሉበት፣ ራሱን የቻለ የፈንገስ በሽታ ነው። ማላታይን፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በእርግጥ እሱ ከሆነ፣ ነፍሳት ገዳይ በመሆኑ ፈንገሱን አይነካውም፤ ፍሬው ውስጥ ገብቶ የተሸሸገውን ትል ለማግኘትም አቅሙ ደካማ ነው። ለሎሚው ተባይ ግን እሱን የሚበሉትን ነፍሳት ጨርሶለት ሜዳውን ለቆለታል። «ባሰበት» ያሉት በትክክል አይተው ነው፤ ያባሰውም ርጭቱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

የተቀናጀ ተባይ መከላከል የሚባለውን አሠራር ብዙ ሰው «መድኃኒት አትንኩ» የሚል እምነት አድርጎ ይረዳዋል፤ አይደለም። የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፤ መጀመሪያ የተባዩን ማንነት መለየት፣ ቀጥሎ መጠኑን መቁጠር፣ ከዚያ ተባዩን የሚያመቻቹትን ሁኔታዎች መቀየርና የተፈጥሮ ጠላቶቹን መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ ተሠርቶ ጉዳቱ አሁንም ከመከላከያው ወጪ የሚበልጥ ከሆነ ለዚያ ተባይ ብቻ የሚሆን ምርት መርጦ በወቅቱ መጠቀም ነው። ይህን ሐሳብ በ1959 እ.ኤ.አ. መልክ አስይዘው የጻፉት አልፋልፋ የተባለውን የመኖ ተክል የሚመጥ ክሽክሽ የተባለ ጥቃቅን ተባይ ያጠኑ የነበሩ አራት የካሊፎርኒያ የነፍሳት ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ የክርክራቸው ፍሬ ነገር ተባይ መኖሩ ብቻውን ለመርጨት ምክንያት አይሆንም የሚል ነበር። ለገበያ በሚያመርት እርሻ መርጨት የሚያዋጣበት ወሰን በብር ይሰላል። እርስዎ ግን ሎሚውን ለሻይና ለሰላጣ፣ ኮኩን ለቤተሰብ ስለሚያውሉት፣ ልጣጩ ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ያለበት ሎሚ ምንም አያጎድልብዎትም። ይህን አስቀድሜ ማንሳቴ፣ ለግቢ ዛፍ ከሚረጨው አብዛኛው መድኃኒት የሚረጨው ምንም ጉዳት ለማያደርስ ነገር ስለሆነ ነው።

ከሎሚው እንጀምር፤ ከሦስቱ ብዙ የሚያስተምረው እሱ ነው። ጠዋት ላይ አንድ የሚጣበቅ ቅጠል ቆርጠው ይገልብጡትና የመሀሉን ጅማት ተከትለው በደንብ ይዩት። ሦስት ወይም አራት ሚሊሜትር የሚሆኑ፣ ጠፍጠፍ ያሉ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ፣ የማይንቀሳቀሱ እብጠቶች ካሉና በጥፍርዎ ሲፍቋቸው ከቅጠሉ የሚላቀቁ ከሆነ፣ ስኬል የሚባሉት ቅርፊት ለበስ ነፍሳት ናቸው። የቅጠሉ ጀርባ ነጭ የጥጥ ብናኝ የተበተነበት ከመሰለ ነጭ ዝንብ ወይም ሚሊባግ ሊሆን ይችላል፤ በለጋው ቀንበጥ ላይ ተጨናንቀው የሚታዩት ለስላሳዎቹ ደግሞ ክሽክሽ ናቸው። የሁሉም ሥራ አንድ ነው። የዛፉን ፈሳሽ ይመጣሉ፣ የተረፋቸውን ስኳር ያንጠባጥባሉ፣ በእሱ ላይ ጥቁሩ ሻጋታ ያድጋል። ሻጋታው ወደ ቅጠሉ ውስጥ አይገባም። በእርጥብ ጨርቅ ቢጠርጉት ይለቅና ከሥሩ ጤነኛው አረንጓዴ ይወጣል፤ ጉዳቱ ብርሃን መከልከሉ ነው። ስለዚህ ለጥላሸቱ ተብሎ ፀረ-ፈንገስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚያንጠባጥቡት ሲቀነሱ ዝናብም ሆነ የጎማ ውሃ ያጥበዋል።

አሁን ከቅርፊቶቹ መካከል ጠቆር ብለው የደረቁ፣ ጀርባቸው ላይ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ንጹሕ ክብ ቀዳዳ ያላቸው መኖራቸውን ይፈልጉ። ያቺን ቀዳዳ የከፈተችው ተርብ ናት፤ በዓይን እምብዛም የማትታይ፣ ሰውን የማትነድፍ፣ እንቁላሏን ስኬሉ ውስጥ የምትጥልና ልጇም ስኬሉን ከውስጥ በልታ የምትወጣ ተርብ ናት። ከ10 ቅርፊት ሦስትና አራቱ እንዲህ የተቀደዱ ከሆነ ዛፉ ሐኪሙን አግኝቷልና የእርስዎ ድርሻ አለማወክ ብቻ ነው። አንዲትም ካጡ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዓመት ሙሉ በየ15 ቀኑ የተረጨው ነገር ነው። ስኬሉ ቅርፊቱ ስለሚከላከልለት ከርጭቱ ይተርፋል፤ ተርቧና ቀይ ባለጥቁር ነጠብጣቧ ጥንዚዛ ግን ራቁታቸውን በቅጠሉ ላይ ስለሚዘዋወሩ ቀድመው ይሞታሉ።

ይህ በእርስዎ ግቢ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያን ብርቱካን ከአውስትራሊያ የገባ ነጭ ቅርፊት ለበስ ተባይ ሊያጠፋው ደርሶ ነበር። አልበርት ኬበሌ የተባለ የነፍሳት ባለሙያ በ1888 ወደ አውስትራሊያ ተልኮ፣ እዚያ ተባዩን የምትበላውን ሮዶሊያ የተባለች ትንሽ ጥንዚዛ አግኝቶ ላከ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ተባዩ ከችግርነት ወረደ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1940ዎቹ፣ ዲዲቲ በአትክልት ቦታዎቹ ላይ መረጨት ሲጀምር ጥንዚዛዋ አለቀችና ያ የተረሳ ተባይ ተመልሶ መጣ። ርጭቱ ሲቆምና ጥንዚዛዋ ስትመለስ እንደገና ረገበ። ከግንፍሌው ሎሚ ጋር ያለው ልዩነት የስፋት ብቻ ነው።

የሚሠራውን ልንገርዎት። በግንዱ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ማየትዎ አይቀርም። ጉንዳኑ የሚመጣው ጣፋጩን ለመሰብሰብ ነው፤ በምላሹም ተርቦቹንና ጥንዚዛዎቹን እያባረረ ስኬሉን ይጠብቃል። ግንዱን ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ በፕላስቲክ ጠቅልለው በፕላስቲኩ ላይ ወፍራም ግራሶ ይቀቡ፤ ግራሶውን ልጣጩ ላይ በቀጥታ አይቀቡት፣ ዛፉን ይጎዳዋልና። ጉንዳን ግን አማራጭ መንገድ አያጣም፤ አጥሩን የነካ ቅርንጫፍ፣ መሬት የደረሰ ቀንበጥ፣ ወይም በዛፉ ላይ የታሰረ የልብስ ማስጫ ገመድ ካለ የግራሶው ቀለበት ዋጋ ያጣል። በጠባብ የከተማ ግቢዎች የገመዱ ነገር በተደጋጋሚ የሚረሳ በመሆኑ ነው በስም የጠራሁት። ከዚያም ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አዋሕደው፣ ፀሐይ በሌለበት ሰዓት፣ የቅጠሎቹን ጀርባ እስኪንጠባጠብ ያርሱት። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፤ ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያ በጥቂት ቅጠሎች ላይ ሞክረው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ካልጎዳ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ይድገሙት። ሳሙና የሚሠራው የነካውን ብቻ በመሆኑና ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚያልቅ፣ ነገ የምትመጣዋን ተርብ አይጎዳም፤ ከማላታይን የሚመረጥበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። መሀል ከተማው ግንባታ ስለማያጣው ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው አቧራ ብዙ ነው፤ አቧራ የለበሰ ቅጠል ላይ ጥቃቅኖቹ ተርቦች እንደ ልብ መሥራት ስለማይችሉ፣ በበጋ በሳምንት አንድ ቀን ዛፉን በጎማ ማጠብ ራሱን የቻለ የተባይ መከላከያ ነው። ዩሪያ ወይም ብዙ ፍግ እያከሉ ከሆነም ይቀንሱ፤ በናይትሮጅን የተገፋ ለጋ ቀንበጥ ለመጣጮቹ ግብዣ ነው። ለውጡን በሳምንት አይጠብቁ፤ ተርቦቹ ከአካባቢው ዛፎች ተመልሰው እስኪረቡ ወራት ሊወስድ ይችላል። በመሀሉ የሚያሳዝን መልክ ቢይዝም ዛፉ አይሞትም።

ኮኩ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ችግሩ በእርስዎ አጥር ውስጥ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ትል የገባበትን ኮክ ሲፈርጡት እግር የሌላቸው፣ በአንድ ጫፍ የሾሉ ነጫጭ ትሎች ያገኛሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጧቸው ተጠማዝዘው ፈንጠር ይላሉ። እነዚህ የፍራፍሬ ዝንብ እጮች ናቸው። እናቲቱ ፍሬው መለስለስ ሲጀምር ልጣጩን ወግታ እንቁላሏን ከሥሩ ትጥላለች፤ የተወጋው ቦታ ላይ አንዳንዴ የረጋ ጠብታ ሙጫ ይታያል። እጩ ፍሬውን በልቶ ሲጨርስ ይወጣና በጥቂት ሴንቲሜትር ጥልቀት አፈር ውስጥ ገብቶ ቡናማ ሽፋን ይሠራል፤ ከዚያ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ከዕድገቱ አብዛኛውን የሚያሳልፈው በፍሬና በአፈር ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት የሚያገኘው የጎለመሰችውን ዝንብ ብቻ ሲሆን፣ እሷም ብትሞት የጎረቤት ዝንብ በማግስቱ ትተካለች።

አዲስ አበባ በአማካይ 16 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ያላት ደጋ ከተማ በመሆኗ የዝንቡ ትውልድ ከቆላው ይልቅ በዝግታ ይተካል፤ ይህ ለእኛ መልካም ነው። መጥፎው ደግሞ በየግቢው ዘይቱና፣ ወሽመላ፣ ብርቱካን፣ አልፎ አልፎም ለጌጥ የተተከለ ቡና መኖሩ ነው። ዝንቧ የኮክ ወቅት ሲያልፍ ወደ ዘይቱናው፣ ከዘይቱናው ወደ ወሽመላው እየተዘዋወረች ዓመቱን ትዘልቃለች። ስለዚህ ዋናው ሥራ የፍሬ ንጽሕና ነው፤ ሲሰሙት ተራ ነገር ቢመስልም ለዚህ ተባይ ከማውቀው ሁሉ ይበልጣል። የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ፣ ቢያንስ በየሁለት ቀኑ፣ ይልቀሙ፤ ዛፉ ላይ የቀረውን የተወጋና የለሰለሰም አብረው ያውርዱ። የለቀሙትን በብስባሽ ጉድጓድ ወይም በበር ላይ ባለ የቆሻሻ ክምር አይጣሉት፤ እጩ እዚያ ዕድገቱን ጨርሶ ይወጣል። ወፍራም ጥቁር ፌስታል ውስጥ አጥብቀው አስረው ፀሐይ ላይ ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። ፀሐይ በሌለበት ክረምት በፈላ ውሃ ማብሰል ይሻላል። መቅበር ከመረጡ ከግማሽ ሜትር በላይ ይቆፍሩ፤ ከዚያ ያነሰ ጉድጓድ ዝንቧን አያስቀራትም። ዶሮ ካለዎት ከዛፉ ሥር ይልቀቋቸው፤ አፈሩን እየጫሩ ከሚለቅሟቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቡናማ ሽፋን ነው። ይህን የምመክረው ግን ርጭቱ ከቆመና ጊዜ ካለፈው በኋላ ነው፤ ማላታይን የተረጨበትን መሬት እየጫሩ የሚያድጉ ዶሮዎችን እንቁላል ለልጆች ማብላት አይገባም።

ለሁለት ዛፍ ብቻ ከሆነ ፍሬን መሸፈን እጅግ አስተማማኝ ነው። በመጀመሪያ ፍሬዎቹ ገና ጥቃቅን ሳሉ ያሳሷቸው፤ በአንድ ቀንበጥ ላይ ተጨናንቀው ከተንጠለጠሉት መካከል ትናንሾቹንና የተጎዱትን አውርደው በፍሬና ፍሬ መካከል የእጅ መዳፍ ያህል ቦታ ይተው። የቀሩት ይተልቃሉ፣ ሽፋኑም ይመቻቸዋል። ከዚያ አረንጓዴና ጠንካራ ሳሉ፣ ቀለማቸው መለወጥ ከመጀመሩ በፊት፣ እያንዳንዱን በወረቀት ከረጢት ወይም በስስ ጨርቅ ሸፍነው አፉን በክር ይሰሩ። አሮጌ ጋዜጣ በደረቁ ወራት ይበቃል፤ ዝናብ ካለ ግን ስለሚቀደድ ጨርቅ ይሻላል። የጨርቁ ቀዳዳ ከሁለት ሚሊሜትር የጠበበ መሆን አለበት፤ ፍሬው ላይ የተለጠፈ ከሆነ ዝንቧ በጨርቁ በኩል ልትወጋ ስለምትችል ሰፋ ተደርጎ ይሰፋ። አሮጌ አጎበር የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ በመድኃኒት የተነከረውን ግን ለምግብ መሸፈኛ አያድርጉት። ከፍ ያለው ቅርንጫፍ ላይ መድረስ ካልተቻለ፣ ያንን ክፍል ሽፋን ሳያለብሱ ትተው ፍሬውን ቀለም መያዝ እንደ ጀመረ ማውረድና ቤት ውስጥ ማብሰል ሁለተኛው አማራጭ ነው። ዛፉን በሚቀጥለው መግረዝ ዝቅ ማድረግ ደግሞ ለከርሞ ይረዳል።

ወጥመድን በተመለከተ ሰው ብዙ ተስፋ ያደርግበታል። በሃይላንድ ጠርሙስ ጎን ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ቀዳዳዎች ከፍቶ፣ ውስጡ እርሾና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አድርጎ በዛፉ ጥላ መስቀል ይቻላል፤ ዝንቧ እንቁላሏን ለማብሰል ፕሮቲን ስለሚያስፈልጋት የእርሾው ሽታ ይስባታል። የዚህ ጥቅም ግን ዝንቧ መቼ እንደመጣች ማሳወቁ ነው እንጂ ዛፉን አያድነውም። ውስጡ የገባውን ሲያዩም ይለዩ፤ ቀይ ዓይን ያላቸው፣ ክንፋቸው ጥርት ያለ፣ ደቃቃዎቹ የበሰበሰ ፍሬ የሚወዱት ዝንቦች ናቸው፤ የምንፈልጋት ከእነሱ ተለቅ የምትል፣ ክንፏ ላይ ቢጫና ቡናማ መስመር የተጣለባት ናት። የመጀመሪያዋን ሲያገኙ ያልሸፈኑትን ፍሬ ይሸፍኑ።

የጎረቤት ጉዳይ ቀረ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ዘይቱና ሥር ፍሬ እየበሰበሰ እርስዎ ብቻ ቢለቅሙ ድካምዎ በከፊል ይባክናል። በሰፈሩ እድር ስብሰባ ማብቂያ ላይ ለአምስት ደቂቃ ቢያነሱትና ፍሬ ያላቸው ግቢዎች ተስማምተው በአንድ ወቅት ቢለቅሙ፣ ማንኛውም መርጫ የማይሰጠውን ውጤት ያገኛሉ። የአባወራዎቹን ፊት ማየት የሚያሳፍርዎት ከሆነ የተፈረጠ ኮክ ይዘው ይሂዱ፤ ከንግግር ይልቅ ያሳምናል።

የወይኑ ነገር ቀላል ነው። ነጩ ዱቄት በጣት ሲጠርጉት የሚለቅና በቅጠሉ ፊትም ጀርባም የሚታይ ከሆነ ፓውደሪ ሚልዲው ነው። ይህ ፈንገስ ከብዙዎቹ ዘመዶቹ በተለየ፣ ለመብቀል ቅጠሉ በውሃ መርጠብ አያስፈልገውም፤ ጥላና የታፈነ አየር ይበቃዋል፤ ለዚህ ነው በረንዳ ላይ የተዘረጋ ሐረግ የሚወደው። በቅጠሉ ፊት ዘይት የነካው የመሰለ ቢጫ ነጠብጣብ፣ በጀርባው ብቻ ደግሞ ነጭ ጥጥ ካዩ ግን ዳውኒ ሚልዲው የተባለው ሌላ በሽታ ነውና መፍትሔውም ይለያል፤ እሱ ዝናብ ይፈልጋል፣ በክረምት የሚበረታውም እሱ ነው። ለመጀመሪያው ድኝ፣ ለሁለተኛው መዳብ መጠቀም ከ100 ዓመት በላይ የቆየ አሠራር ነው። የመዳብና የኖራ ቅልቅል በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ሚያርዴ በተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት ይፋ የሆነው በ1885 እ.ኤ.አ. ነበር። ነገር ግን መዳብ በአፈር ውስጥ ይከማቻል እንጂ አይጠፋም፤ የአውሮፓ ኅብረት በሰባት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሄክታር ከ28 ኪሎ እንዳይበልጥ የገደበውም ለዚህ ነው። ዳውኒው በዓይን ካልተረጋገጠ ግቢዎ ውስጥ መዳብ አይግባ።

የመጀመሪያው እርምጃ መቀስ ነው። ሐረጉን በደንብ ይግረዙት፤ ብርሃን በቅጠሉ መሀል አልፎ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ እስኪል ያሳሱት፤ በፍሬው ዘለላ ዙሪያ ያሉትን ጥቂት ቅጠሎች ያንሱ። የወይን ፍሬ ለዚህ በሽታ በጣም የተጋለጠው ከአበባው እስከ አራት ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ልጣጩ ይቋቋማል። ስለዚህ ድኝ የሚረጩ ከሆነ በዚህ ጊዜ ይርጩ፤ በውሃ የሚበጠበጠውንና 80 በመቶ የሆነውን በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከሁለት እስከ ሦስት ግራም፣ በ10 ቀን ልዩነት። የዘይት ውጤት ከረጩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ድኝ አያስከትሉ፤ ቅጠሉ ይቃጠላል። ፍሬው ከጠነከረ በኋላ ቅጠሉ ላይ የሚቀረውን ዱቄት ይተውት። በእኔ አስተያየት ለጥላ የተተከለ ሐረግ ለፍሬ እንደተተከለ ወይን ይሁን ብሎ መታገል አይገባም፤ ጥላውን ከወደዱት ጥቂት የተበላሸ ዘለላ ዋጋው ነው፤ ፍሬውን ከፈለጉት ደግሞ በረንዳው ትንሽ ፀሐይ ይግባው።

ስለ ጠርሙሱ። መለያ የሌለው ፀረ-ተባይ ገዝተዋል፤ ምን እንደሆነ፣ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ከረጩ በኋላ ፍሬ ለመልቀም ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብዎ የሚነግርዎት ነገር የለም። በአገራችን ፀረ-ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ የሚደነግግ አዋጅ፣ ቁጥር 674/2002፣ አለ፤ መለያውም የጌጥ ወረቀት አይደለም። ማላታይንም ቢሆን ተራ ነገር አይደለም፤ ንቦችን ክፉኛ ይገድላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2015 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉት ተርታ መድቦታል። ዛፍ ሲያብብ የሚረጭ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ፍሬ በገዛ እጁ ይቀንሳል። የተረፈውን ወደ ቱቦ ወይም ወደ ግንፍሌ አይድፉት፤ ያ ውሃ መጨረሻው አቃቂ ነው፤ በዚያ ውሃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ ወደ እኛው ገበያ ይመጣል። ሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ መስሎ ልጅ ሊያታልል ስለሚችል ዛሬውኑ «መርዝ» ብለው በትልቁ ጽፈውበት፣ ከምግብ ርቆ ቁልፍ ያለው ቦታ ያስቀምጡትና የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት አወጋገዱን ይጠይቁ።

ለወንድምዎ ያው መድኃኒት አይሆነውም፤ ተባዮቹም እዚህ ካሉት ጋር አንድ አይደሉም። ዝዋይ ሞቃት በመሆኑ እዚያ ማንጎውን የሚያሠጋው በተለይ ከእስያ የመጣውና በኬንያ በ2003 እ.ኤ.አ. የተገኘው የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ወንዱ ዝንብ ሜቲል ዩጂኖል በተባለ ሽታ ስለሚሳብ በእሱ ወጥመድ ይቆጠራል፤ ይህ ሽታ ግን ብርቱካንን የሚያጠቃውን የሜዲትራኒያን ዝንብ አይስብም፤ ለእሱ ትራይሜድሉር ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ ሰቅሎ ወጥመዱ ባዶ ሲሆን «ዝንብ የለብኝም» ያለ ገበሬ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ማንጎው ቅጠልና ፍሬ ላይ ነጫጭ ነጥቦች፣ ፍሬው ላይም ሮዝ ምልክት ካለ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ መጀመሪያ የታየውና ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው ነጭ የማንጎ ስኬል ሊሆን ይችላልና፣ ችግኝና ቅርንጫፍ ከቦታ ቦታ ማዘዋወሩን ያቁም፤ ዛፎቹንም ከፍቶ ይግረዝ። የዝንቡ ቁጥር ከፍ ካለ ማሳውን በሙሉ ከመርጨት ይልቅ ፕሮቲን ያለበትን ማጥመጃ ስፒኖሳድ ከተባለ ጥቂት ፀረ-ነፍሳት ጋር በየዛፉ አንድ ቦታ ብቻ ጠብ ማድረግ ይሻለዋል፤ ምርቱ ለዚህ አገልግሎት መመዝገቡን ግን ከመግዛቱ በፊት ያረጋግጥ። ለአሁኑ ሁለቱን ወጥመዶች ይስቀል፣ በየሳምንቱ የገባውን ይቁጠር፣ ከ10 ዛፍ ላይ ቅጠል ገልብጦ ያየውን ይጻፍ። የአንድ ወር መዝገብ ይዞ ሲመጣ፣ መርጨት አለበት ወይስ የለበትም ለሚለው ጥያቄ በቁጥር መመለስ ይቻላል።